«ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ»፦ የአከራይ፣ የተከራይና የእንስሳ ክርክር ከመጀላ እስከ ዛሬ



በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህን ክርክር አያጣውም። አንድ ቤተሰብ በሰው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ልጆቹ የድመት ግልገል አግኝተው ያሳድጋሉ። አከራይዋ ወራት ሙሉ እያዩ ምንም አይሉም፤ እንዲያውም «አይጡ ጠፋልን» ብለው ያመሰግናሉ። ኪራይ ልጨምር ብለው ተከራዩ «አቅሜ አይፈቅድም» ያለ ዕለት ግን ድመቷ በድንገት ጥፋተኛ ትሆናለች። «ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ» ይባላል።

የተገላቢጦሹም አለ። ተከራዩ ለዐረፋ ሁለት በግ ገዝቶ፣ አከራዩን ሳይጠይቅ በጋራው ግቢ ያስራል። ሽታው ጎረቤት ይረብሻል፣ በጠጡን የሚጠርግ የለም፣ የተሰጣ ልብስ ይበላሻል። አከራዩ ሲናገር «ዒባዳዬን ከለከለኝ» ይባላል። ሦስተኛም አለ፦ አከራዩ ሌሊት ውሻ ይፈታል፤ ተከራዩ ለፈጅር ሶላት በሩን ከፍቶ መውጣት ይፈራል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱም ወገን ወደ ዲን ይሮጣል። አንዱ ስለ ውሻና ስለ መላኢካ የመጣውን ሐዲስ ያነሳል፤ ሌላው የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ ይጠቅሳል። ሁለቱም ሐዲሶች ትክክለኛ ናቸው። ነገር ግን ጠቡ ያለው እዚያ አይደለም። ጠቡ ያለው ውሉ ላይ ነው፦ ግድግዳው የአንዱ ንብረት፣ ኑሮው ግን የሌላው በሆነበት ቤት ውስጥ፣ ስለ እንስሳው የሚወስነው ማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም፤ ያ የዑለሞቻችን ድርሻ ነው። ማሳየት የፈለግነው ታሪኩን ነው። ከ150 ዓመት በፊት ሙስሊም የሕግ ሊቃውንት በኪራይ ቤት ስለሚታሰር እንስሳ አንድ አጭር አንቀጽ ጽፈው ነበር። ያ አንቀጽ ዛሬም ብዙ ያስተምረናል።

1. ቤት ሲከራይ የሚሸጠው ምንድን ነው?

በፊቅህ ኪራይ (ኢጃራ) የጥቅም ሽያጭ ነው። አከራዩ ግድግዳውንና ጣሪያውን አልሸጠም፤ የሸጠው በውሉ ዘመን በቤቱ የመኖርን ጥቅም ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሁለት መብቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ተከራዩ እንደ ሰው ወግ የመኖር መብት አለው፤ አከራዩ ደግሞ ቤቱ ሳይጎዳ የመመለስ መብት አለው።

ታዲያ ተከራዩ በቤቱ ምን ማድረግ ይችላል? በ593 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1197) ያረፉት የፈርጋናው ሊቅ ቡርሃኑዲን አል-መርጊናኒ «አል-ሂዳያ» በተሰኘው የሐነፊ ኪታባቸው ይህን አንስተዋል። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ተከራዩ በቤቱ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ብረት ቀጥቃጭን፣ ጨርቅ እየወቀጠ የሚያጥብን ወይም ወፍጮ የሚያስፈጭን ሰው አያስገባበትም። ለምን? ሥራው የተናቀ ሆኖ አይደለም። መዶሻውና ወፍጮው ሕንፃውን ስለሚያናጋ ነው።

ልብ በሉ፦ መለኪያው የአከራዩ ደስ መሰኘት ወይም መከፋት አይደለም፤ ጉዳት (ዶረር) ነው። ቤቱን የሚጎዳ ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይደረግም፤ የማይጎዳው ግን የተከራዩ ድርሻ ነው።

2. የመጀላ 528ኛ አንቀጽ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዑስማንያ መንግሥት አዳዲስ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ብዙዎቹ ዳኞች ሰፋፊዎቹን የዐረብኛ የፊቅህ ኪታቦች አገላብጠው ፍርድ ማውጣት የሚችሉ አልነበሩም። ከባለሥልጣናቱ መካከል «የፈረንሳይን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተርጉመን እንጠቀም» የሚሉ ነበሩ። በዚህ ጊዜ አሕመድ ጀውደት ፓሻ (እ.ኤ.አ. 1822–1895) የሚመሩት ጉባኤ የሐነፊን መዝሀብ የግብይት ሕግ በቁጥር በተከፋፈሉ አንቀጾች ማዘጋጀት ጀመረ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 (ከ1286 እስከ 1293 ሂጅሪ) ወስዶ በ16 ኪታቦችና በ1851 አንቀጾች ተጠናቀቀ። ይህ «መጀለቱል አሕካሚል ዐድሊያ»፣ በአጭሩ «መጀላ» የሚባለው ነው። በቱርክ እስከ 1926 ሠርቷል፤ በኢራቅ፣ በሶሪያ፣ በዮርዳኖስና በኩዌት ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቆይቷል።

የመጀላ ሁለተኛው ኪታብ ስለ ኢጃራ ነው። 528ኛው አንቀጽ ለምን እንደሚውል ሳይገለጽ ስለተከራየ ቤት ይናገራል። ሐሳቡን በራሳችን አገላለጽ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ተከራዩ በቤቱ ራሱ ይኖራል፣ ሌላም ሰው ሊያኖርበት ይችላል፣ ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ሕንፃውን የማይጎዳ ሥራ ሁሉ ይሠራል። የሚጎዳውን ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሠራም። እንስሳ ማሰርን በተመለከተ የአገሩ ልማድ (ዑርፍ) ይከበራል።

አስተውሉ! አንቀጹ «እንስሳ ክልክል ነው» አላለም፤ «ተከራዩ እንደ ፍላጎቱ ያስር» አላለም። ጉዳዩን ለአካባቢው ልማድ ሰጠው። ግቢው ሰፊ በሆነበትና ሰው በበቅሎ በሚሄድበት ከተማ፣ ቤት የተከራየ ሰው በቅሎውንም ይዞ እንደሚመጣ አከራዩ አስቀድሞ ያውቃል። ጠባብ ክፍሎች በተደራረቡበት ቦታ ደግሞ ማንም እንስሳ አያስርም፤ ይህንን ተከራዩ ያውቃል። ልማድ ያልተጻፈ ውል ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር፤ አንቀጹ የሚያወራው ስለሚጫኑና ስለሚጋለቡ እንስሳት ነው፤ አህያ፣ በቅሎ፣ ፈረስ። የዘመኑ ሰው እንስሳ የሚያስረው በአብዛኛው ለእንጀራው ነበር። የኢስታንቡል ውሾች ደግሞ የሚኖሩት በሰው ቤት ሳይሆን በሰፈር መንገድ ላይ ነበር፤ የሚመግባቸውም ሰፈርተኛው ነበር። ድመትን በተመለከተ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነጃሳ እንዳልሆነችና በሰው መካከል የምትመላለስ እንደሆነች አስተምረዋል፤ ስለዚህ በሙስሊም ቤት ድመት መኖሯ ያን ያህል የሚያነጋግር አልነበረም። እናም አንቀጹን ለዛሬዋ የቤት ድመት ቃል በቃል መጥቀስ አይቻል ይሆናል፤ መንገዱን ግን መከተል ይቻላል።

3. የቤቱ፣ የጎረቤቱና የዝምታው ሒሳብ

ሌሎች አንቀጾችን ስንጨምር ሥዕሉ ይሟላል። በኪራዩ ዘመን የተጠራቀመን አፈርና ጥራጊ ማስወገድ የተከራዩ ግዴታ ነው (532)። ስለዚህ የበጉን በጠጥ ማን ይጥረግ የሚለው ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። ተከራዩ ቤቱን እያፈረሰ አከራዩ ሊያስቆመው ካልቻለ፣ ወደ ዳኛ ሄዶ ውሉን ያስፈርሳል (533)። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ «ወደ ዳኛ ሄዶ» የሚለው ነው። ዕቃ ወደ ውጭ መወርወር፣ ውኃና መብራት መቁረጥ አልተባለም።

ስለ ጎረቤትም ተጽፏል። እንስሳ በራሱ ላደረሰው ጉዳት በመሠረቱ ባለቤቱ አይከፍልም። ነገር ግን የሚዋጋ በሬ ወይም የሚናከስ ውሻ ያለው ሰው፣ ከሰፈሩ ወይም ከመንደሩ አንድ ሰው እንኳ «እንስሳህን ጠብቅ» ብሎ አስጠንቅቆት ችላ ካለ፣ ላደረሰው ጥፋት ይከፍላል (929)። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ከዚህም ጠንከር ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ሌሊት ውሻ የሚፈታ አከራይ ይህን ሊያስብ ይገባል።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ስለ ዝምታ የተባለው ነው። መጀላ በ67ኛው አንቀጽ ዝም ላለ ሰው ቃል እንደማይለጠፍበት፣ ነገር ግን መናገር በሚገባበት ቦታ ዝም ማለት እንደ መናገር እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በ438ኛው አንቀጽ ደግሞ ይህን በኪራይ ላይ በምሳሌ ያሳያል። አንድ ሰው ሱቅ በወር በ50 ቁሩሽ ተከራየ። ከወራት በኋላ አከራዩ መጥቶ «በ60 ከተስማማህ ኑር፣ አለበለዚያ ውጣ» አለው። ተከራዩ «አልስማማም» ብሎ መኖሩን ከቀጠለ የሚከፍለው 50 ነው። ዝም ብሎ ከቀጠለ ግን 60 ይከፍላል። በዚህ ምሳሌ ዝምታው የጠቀመው አከራዩን ነው። ይኸው ሚዛን ለተከራዩም ቢሠራስ? ድመቷን ወራት ሙሉ እያዩ ዝም ያሉት አከራይ፣ ዛሬ በሷ ምክንያት «ውጡ» ማለት ይችላሉ?

4. ኒውዮርክ የደረሰችበት መልስ

ይህን ጥያቄ በግልጽ ሕግ የመለሰችው የኒውዮርክ ከተማ ናት። በከተማዋ የኪራይ ውሎች ላይ «እንስሳ ማሳደር ክልክል ነው» የሚል ሐረግ የተለመደ ነበር። ብዙ አከራዮች ግን ሐረጉን እያወቁ ያልፉት ነበር። ተከራዩን ማስወጣት በፈለጉ ጊዜ ያቺን ሐረግ ይመዟታል። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ሕግ ላይ ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል፦ አከራዮች ተከራዩ ለረጅም ጊዜ እንስሳ እንደነበረው እያወቁ፣ እንስሳው ሁከት ሳይፈጥር፣ በሌላ ምክንያት ሊያስወጡት ይጠቀሙበታል።

መፍትሔው እንዲህ ነበር። ሦስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ሕንፃ፣ ተከራዩ እንስሳውን ሳይደብቅ በግልጽ ካኖረና አከራዩ ወይም ወኪሉ ይህን እያወቀ በሦስት ወር ውስጥ ክስ ካልጀመረ፣ የክልከላው ሐረግ እንደተተወ ይቆጠራል። እንስሳው ጉዳት ካደረሰ ወይም ሌላውን ነዋሪ ከረበሸ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም። መጀላና የኒውዮርክ ምክር ቤት ይተዋወቁ ነበር ማለታችን አይደለም። የሰው ልጅ ጠባይ አንድ ስለሆነ ነው መልሱም የተመሳሰለው።

ሌሎችም በተለያየ መንገድ ወደዚሁ ቀርበዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1970 በመኖሪያ ቤት ውል ላይ የቤት እንስሳን የሚከለክል ሐረግ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ደነገገች፤ ሁኔታው ግን እንስሳው ቤቱን እንዳይጎዳና ነዋሪውን እንዳይረብሽ ነው። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በተዘጋጀ የውል ቅጽ ላይ ውሻና ድመትን በጅምላ መከልከል ተከራዩን ያለ አግባብ እንደሚጎዳ፣ የአከራዩ፣ የተከራዩና የጎረቤቱ ጥቅም በየጉዳዩ መመዘን እንዳለበት ወሰነ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2025 ባጸደቀችው የተከራዮች ሕግ፣ ተከራዩ በጽሑፍ ሲጠይቅ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል፣ መልሱንም በ28 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ደንግጋለች።

5. ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል? አገራችን የሻፊዒ፣ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀብ ተከታዮች የሚኖሩባት ናት። በሻፊዒዎች ዘንድ ውሻ ነጃሳ ነው፤ ማሊኪዎች ግን በሕይወት ያለ ውሻ ጡሃራ ነው ይላሉ። ውሻን ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ማኖር በሐዲስ የተፈቀደ ነው፤ ኢማሙ ነወዊን ጨምሮ ብዙ ዑለሞችም በቂያስ ለቤት ጥበቃ ፈቅደዋል። ስለዚህ አከራይና ተከራይ ሁለቱም ሙስሊም ሆነው በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ጎረቤታችን ሙስሊም ያልሆነ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የውጭው ተከታዮቻችንም ጉዳይ አለ። አሜሪካ ቤት የሚያከራይ ወንድማችን ዓይነ ስውር ተከራይ መሪ ውሻ ይዞ ቢመጣ፣ የ1988 የፌዴራል የቤት ሕግ ማሻሻያ ለአካል ጉዳተኛ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲደረግ እንደሚያዝ ማወቅ አለበት፤ የዲኑንም ጥያቄ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ዓሊም ይጠይቅ።

በእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዟል። ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ውል ስንጽፍ አንድ መስመር ስለ እንስሳ እንጨምር፦ ድመት ይቻላል? ዶሮስ? የዐረፋ በግ ከስንት ቀን በፊት ይገባል? የት ይታሰራል? ማን ያጸዳል? የግቢው ውሻ በስንት ሰዓት ይፈታል፣ በስንት ሰዓት ይታሰራል?

አከራይ ወንድምና እህቶቻችን፦ እንስሳው ካስቸገራችሁ የዚያን ጊዜ ተናገሩ፤ ለኪራይ ጭማሪ ቀን አታቆዩት። ተከራይ ወንድምና እህቶቻችን፦ ደብቃችሁ አታስገቡ፤ የሰው ግድግዳና የጎረቤት እንቅልፍ አማና ነው። እንስሳውንም አንርሳ። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ምን እንደገጠማት ከሐዲስ እናውቃለን። በሁለት ሰዎች ጠብ መሐል መንገድ ላይ የምትጣል ድመት ውል አልፈረመችም፤ ኪራይም አልጨመረችም።

ወላሁ አዕለም።