መሪያችን ከዘይት ወደ ሽቦ፦ ጋራዦቻችንስ?

አምና ክረምት ከቦሌ ወደ መገናኛ ስሄድ መሪው ድንገት ድንጋይ ሆነብኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የመሪ ምልክት በራ። የገባሁበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ ኮድ አነበበና "የመሪው ሞተር ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር" አለኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ፤ አስገጠምኩ። በሳምንቱ ምልክቱ ተመልሶ በራ። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቴስተራቸውን ይዘው መጡና ጥፋተኛውን በ10 ደቂቃ አገኙት፦ የዛገ የኔጋቲቭ ገመድ ማሰሪያ።

ይህን የማነሳው ስለ ኪሴ ላለቅስ አይደለም። ነገሩ ታሪክ ስላለው ነው።

ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ መኪናው ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የመጣው ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ያ መሪ ሲታመም አይደብቅም፤ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፓምፑ ያቃስታል። መካኒኩ በዓይኑና በጆሮው ያገኘዋል።

በ1988 ሱዙኪ ሰርቮ በተባለች ትንሽ መኪናው ላይ ዘይቱን አስወጥቶ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ። አሁን ሴንሰር የእጃችንን ጉልበት ይለካል፣ ኮምፒውተር ያሰላል፣ ሞተር ያግዛል። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ብልሽቱ ግን ከዓይን ተሰወረ።

ትልልቆቹም አልዳኑም። ጄኔራል ሞተርስ በማርች 2014 በአሜሪካ ብቻ 1.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የጠራው የኤሌክትሪክ መሪ እገዛቸው በድንገት ስለሚጠፋ ነው። ከፊሎቹን ከዚያ በፊትም ለዚሁ ችግር ጠርቷቸው ነበር። ቀድሞ ያደረገው በቂ እንዳልነበር ኩባንያው ራሱ አምኗል።

ታዲያ ሽማግሌው ምን አደረጉ? ኮዱን አልናቁም፤ ግን አላመለኩትምም። ኮድ ሕመሙ የተሰማበትን ቦታ እንጂ መነሻውን አይናገርም። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሲነሳ 14 አካባቢ። ቀጥለው ፊውዙን አዩ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በመሪው ኮምፒውተር ኔጋቲቭ ላይ አድርገው "መሪውን አዙር" አሉኝ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ መቅረብ ሲገባው ከ1 ቮልት በላይ ዘለለ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ መሪው ሲዞር ሞተሩ በአስር የሚቆጠር አምፔር ይጠይቃል፤ ዝገቱ መንገዱን ያንቃል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም እገዛውን ያቆማል። መኪናው ቆሞ ብቻ የለካ ሰው ይህን አያይም።

አሁን ወደ ራሳችን። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በእነዚህ መኪኖች ፓምፕ የሚያዞር የነዳጅ ሞተር ስለሌለ መሪያቸውም በኤሌክትሪክ ነው። አዋጁ መኪናውን በአንድ ቀን ይለውጣል፤ የመካኒኩን እጅ ግን አይለውጥም። የቻይና ስካነር መርካቶ ይገዛል። ከስካነሩ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ መጠየቅ ግን የሚገኘው በትምህርት ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችንም ሊያስተምሩት ይገባል።

እስከዚያው፣ ወዳጄ፣ "ሙሉውን ቀይር" ሲሉህ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ "መሪው እየዞረ ለካችሁት?"