የኢትሪያ ሸለቆ የብስክሌት ዙሪያ መንገድ

በደቡብ ኢጣልያ፥ በፑልያ አውራጃ፥ ከአልቤሮቤሎ ተነሥቶ በሎኮሮቶንዶ፥ በማርቲና ፍራንካና በቺስተርኒኖ በኩል ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ፥ ብስክሌተኛ ሳይቸኩል በአንድ ቀን የሚፈጽመው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጉዞ ነው። ሸለቆ ይባል እንጂ በእውነቱ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ዝናቡ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ከርሠ ምድር ስለሚሰርግ ወንዝ የማይታይበት አምባ ነው። የአገሩ ገበሬ ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እየደረደረ፥ ጣራቸው እንደ ጎጆ ክዳን የሾለ፥ ትሩሊ የተባሉትን ቤቶች ሠራ። የኮንቬርሳኖ መሳፍንት ይህን አሠራር ያዘዙት፥ የንጉሥ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ቤቱ ፈጥኖ እንዲፈርስ ነው ተብሎ ይተረካል፤ ትውፊቱ ያምራል፥ ነገር ግን ድንጋይ የበዛበት አገር በድንጋይ ለመሥራት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። አልቤሮቤሎ ከመሳፍንቱ አገዛዝ የወጣችው በ1797 እ.ኤ.አ. በፌርዲናንዶ ራብዓይ ትእዛዝ ሲሆን፥ ትሩሊዎቿ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በማርቲና ፍራንካ፥ ግንባታው በ1668 የተጀመረው የመስፍኑ ቤተ መንግሥትና የቅዱስ ማርቲኖስ ቤተ ክርስቲያን ሊታለፉ አይገባም። በቺስተርኒኖ አካባቢ ከአስፋልቱ ወጥቶ፥ የሴሌን ወንዝ ውሃ ከአፔኒን ተራሮች ማዶ አምጥቶ በ1915 ባሪ ያደረሰውን ቦይ ተከትሎ የሚሄደው የጠጠር መንገድ ይገኛል፤ ሜዳማና ከመኪና የራቀ በመሆኑ ከጉዞው ሁሉ የተመረጠው ክፍል ይህ ነው። የበጋው ሐሩር ስለሚበረታ በሚያዝያ፥ በግንቦት ወይም በመስከረም መጓዝ ይሻላል።