ጭራቁ የጋረደው ደላላ

ደም መጣጭ ሰው መርማሪ ሆኖ በሚሠራባቸው የውጭ ድራማዎች የአካል ክፍል ንግድ ተወዳጅ ርዕስ ነው። ሰው ይታፈናል፣ ሲነቃ ኩላሊቱ የለም። በጭራቅ ተረት ላደገ ተመልካች ይህ እንግዳ አይደለም። ልጁ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሮ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣበት የአቃቂ ቤተሰብንም እንቅልፍ የሚነሳው «ኩላሊቱን ያወጡበታል» የሚለው ወሬ ነው።

ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሲና በረሃ የታገቱ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በስልክ የልጆቻቸውን ጩኸት እየሰሙ እስከ 30 እና 40 ሺህ ዶላር ይጠየቁ ነበር። ካልከፈሉ አካሉ ይሸጣል ይባላሉ። (ማስፈራሪያ ብቻ ቢሆንም ሥራውን ሠርቷል፤ ቤት ተሽጧል፣ ከብት ተሽጧል።) በ2016 ደግሞ ኢጣሊያ ውስጥ ከፖሊስ ጋር የተባበረ አንድ ኤርትራዊ አዘዋዋሪ፣ መክፈል ያቃታቸው ስደተኞች በ15 ሺህ ዶላር ለግብፃውያን ይሸጡ እንደነበር ተናገረ።

ይሁን እንጂ ኩላሊት በረሃ ላይ በቢላ አይሸጥም። የሁለቱ ሰዎች ደምና ሕብረ ሕዋስ መመርመር አለበት፤ ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ ንጹሕ ክፍልና አጠገብ የሚጠብቅ ባለ ገንዘብ በሽተኛ ያስፈልጋል። ልብማ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው።

ንግዱን የወለደው መድኃኒት ነው። በ1954 ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመንትያዎች መካከል ነበር፤ የባዳ ሰው ኩላሊት ሰውነት አልቀበልም ይል ነበርና። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን ሲመጣ የማንም ድሃ ኩላሊት ለማንም ሀብታም ሊሆን ቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ሽያጩን አወገዘ፣ ሕንድ በ1994 በሕግ ከለከለች። የሕንድ ሕግ ግን ዘመድ ያልሆነ ሰው «በፍቅር» ከለገሰ በኮሚቴ ፈቃድ ያሳልፍ ነበር። ደላላው የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ መሣሪያውም ሐሰተኛ ወረቀትና የተበዳሪ ፊርማ ሆነ። በታኅሣሥ 2016 ግብፅ በአካል ንግድ ጠርጥራ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን ስትይዝ ከመካከላቸው ሐኪሞች፣ ነርሶችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አካል ለማውጣት ሰውን ማዘዋወር ወንጀል ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላም ሲጀመር የሚቀበለው የዘመድ ልገሳ ነበር። ጥሩ አጥር ነበር፤ ዘመድ ያጣው በሽተኛ ግን ፊቱን ወደ ውጭ ያዞር ነበር፣ ደላላውም እዚያ ይጠብቀው ነበር።

የቃሊቲው መንገደኛ ከኩላሊት ነጣቂ ይልቅ ሊፈራው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት ውስጡ 78 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። 64ቱ ሞተዋል። የሚተነፍሱት አየር አልነበረም።