የጃፓን የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን

የጃፓን ተዋንያን ሲባል፣ ሀገራቸው ከጦርነት ፍርስራሽ ገና ቀና በምትልበት ዘመን ተነሥተው፣ የሰው ልብ በአርምሞና በሥርዓተ አካል እንደሚገለጥ በፊልም ያሳዩ፣ ከእነሱም በኋላ ያንኑ ጥበብ ወደ ቴሌቪዥን ያሻገሩ የተውኔት ሰዎች ናቸው። በዚህ መጣጥፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ድሬዳዋ ጃፓንን ቀድማ ያወቀችው በፊልም ሳይሆን በጨርቅ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ደርሶ በ1895 ዓ.ም. በቆረቆራት በዚህች ከተማ በኩል፣ ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓን አቡጀዲ የአሜሪካኑን ከገበያ እያስወጣ ወደ መሀል ሀገር ይገባ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሲሄዱ በዚሁ ሐዲድ ወደ ባሕር ወርደው፣ ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1946 ዓ.ም. ለንባብ ሲያበቁ፣ የእኛ ሊቃውንት ዐይን ያረፈው በፋብሪካውና በትምህርት ቤቱ ላይ ነበር፤ በዚያው በ1946 ዓ.ም. ግን፣ ጥቅምት ላይ የዳይሬክተሩ የያሱጂሮ ኦዙ «የቶክዮ ታሪክ»፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ የዳይሬክተሩ የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባሉት ፊልሞች በጃፓን ለሕዝብ መታየታቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከተዋንያኑ ሁሉ ዝናው ርቆ የተሰማው ቶሺሮ ሚፉኔ ነው። በ1912 ዓ.ም. በቻይና ምድር በቺንግዳዎ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደው ይህ ሰው የፎቶግራፍ አንሺ ልጅ ነበረና፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቶሆ የፊልም ኩባንያ የሄደው የካሜራ ረዳትነት ሥራ ፍለጋ ነበር፤ በ1938 ዓ.ም. ግን አዳዲስ ተዋንያን በሚመረጡበት ፈተና ፊት ቀርቦ እንዲቈጣ ሲታዘዝ እንደ አውሬ ተቈጣና የኩሮሳዋን ዐይን ማረከ። ከ1940 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ሁለቱ 16 ፊልሞችን ሠሩ፤ ለ«ዮጂምቦ» በ1953 ዓ.ም.፣ ለ«ቀይ ጢም» በ1957 ዓ.ም. የቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ሰጠው። ከእነዚህ ፊልሞች አንዱ በሆነው በ«የደም ዙፋን» መጨረሻ ላይ ቀስተኞች እውነተኛ ፍላጻ ወደ እሱ ሲወረውሩ በፊቱ ላይ የሚታየው ድንጋጤ ሁሉ ተውኔት አይደለም።

የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ግን ወደ ታካሺ ሺሙራ ያዘነብላል። ሚፉኔ ነጐድጓድ ከሆነ ሺሙራ ከነጐድጓዱ በኋላ በቀስታ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ በኩሮሳዋ ፊልሞች ውስጥም ከሚፉኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሰለፈው እሱ ነው። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በታየው «መኖር» በተባለው ፊልም፣ ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ የማዘጋጃ ቤት ሹም ሆኖ ይቀርባል። የሠፈር እናቶች የቆሸሸው ረግረግ እንዲደፈንላቸው አቤት ሊሉ ሲመጡ፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተላኩ በመጨረሻ ወደ ተነሡበት ጠረጴዛ ይመለሳሉ፤ ደጅ ጠንቶ «ነገ ተመለስ» የተባለ የሀገራችን ባለጉዳይ ለዚህ ትእይንት አስተርጓሚ አያሻውም። ሹሙ በጨጓራ ካንሰር ሊሞት መሆኑን ሲያውቅ የቀረችውን ጊዜ ሁሉ በረግረጉ ላይ የልጆች መጫወቻ ለማሠራት ያውላል። በበረዶ ሌሊት ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ሲያዜም ሺሙራ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ፊቱንም አያኮማትርም፤ የተመልካቹ ልብ ግን ይሰበራል። ይኸው ሰው በ«ሰባቱ ሳሙራይ» የተዋጊዎቹ አለቃ ነው፤ ሕፃን ለማዳን መነኩሴ መስሎ ራሱን ከተላጨ ወዲያ፣ ነገር ባሳሰበው ቍጥር የተላጨ ራሱን በመዳፉ ያሻል፤ የገጸ ባሕርዩ ትሕትና በዚህች ጥቂት እንቅስቃሴ ይታወቃል።

በኦዙ ፊልሞች ዘንድ ዝምታው ይብስ ይጠልቃል። በ«የቶክዮ ታሪክ» ቺሹ ሪዩ ገና 49 ዓመቱ ሳለ የሽማግሌውን አባት፣ ሴትሱኮ ሃራ ደግሞ ባልዋ በጦርነት የሞተባትን ምራት ሆነው ይጫወታሉ፤ የሥጋ ልጆች ወላጆቻቸውን እንደ ሸክም ሲቈጥሯቸው የምታከብራቸው ባዕዷ ምራት ናት። ሕይወት ቅር አታሰኝምን ተብላ ስትጠየቅ ሃራ በፈገግታ ታሰኛለች ትላለች፤ ከዚህች ፈገግታ የበለጠ ኀዘን የያዘ ዕንባ ማግኘት ይቸግራል። ይህች በ1912 ዓ.ም. የተወለደች እመቤት ዕድሜዋ ወደ 43 ሲጠጋ ከፊልም ዓለም ወጥታ፣ በካማኩራ ከተማ ለጋዜጠኛ ፊቷን ሳታሳይ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2007 ዓ.ም.፣ እንደ ባሕታዊት ኖረች።

በነገራችን ላይ፣ ተዋናይ ባይሆንም በጃፓን ፊልም ፊቱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚቈጠር አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። «ቀይ ጢም» በታየበት በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የኮን ኢቺካዋ «የቶክዮ ኦሊምፒክ» ፊልምም ታየ፤ በዚህ ፊልም፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን የተካሄደውን ማራቶን የሚሮጠውን አበበ ቢቂላን ካሜራው ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ ሲከተለው ፊቱ አንዳች ሕማም አያሳይም።

ወደ ቴሌቪዥኑ ስንሻገር፣ የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ጣቢያ ከመጋቢት 1975 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በ15 ደቂቃ ያቀረበው፣ 297 ክፍል ያለው «ኦሺን» በብዙ አገሮች ታይቷል። በአንድ ከረጢት ሩዝ ለገረድነት የተሰጠችውን ድኻ ልጅ አያኮ ኮባያሺ በሕፃንነቷ፣ ዩኮ ታናካ በወጣትነቷ፣ ኖቡኮ ኦቶዋ በእርጅናዋ ተጫወቷት። ከዛሬዎቹ ተዋንያን ኮጂ ያኩሾ በ2015 ዓ.ም. የቶክዮ መጸዳጃ ቤቶች ጠራጊ ሆኖ በሠራው ፊልም በካን ፌስቲቫል ተሸልሟል። ሂሮዩኪ ሳናዳ ደግሞ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በ«ሾገን» ተከታታይ ድራማ ስለ ተጫወተው ስለ አለቃው ስለ ቶራናጋ የኤሚ ሽልማትን ተቀበለ። ያንኑ ቶራናጋ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተጫወተው ሚፉኔ ነበር፤ በዚያ ዘመን የጃፓንኛው ንግግር በስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ስላልተተረጐመ፣ የአሜሪካ ተመልካች የአለቃውን ሐሳብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከፊቱና ከድምፁ ቃና ነበር።