ዘ ፎርቹን ሜን

«ዘ ፎርቹን ሜን» በሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1981 የተወለደችው ደራሲ ናዲፋ ሞሐመድ በእንግሊዝኛ የጻፈችውና በ2021 የታተመ ልብ ወለድ ነው። መነሻው የሶማሊላንዱ መርከበኛ ማሕሙድ ማታን እውነተኛ ታሪክ ነው። ማታን አንዲት ባለሱቅ ገድለሃል ተብሎ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1952 በካርዲፍ፣ ዌልስ በስቅላት ተቀጣ፤ ፍርዱ በይግባኝ የተሻረው በ1998 ነው።

ትረካው የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ሞት በራዲዮ ሲነገር፣ የወደብ ሰዎች በሚያዘወትሩት የካርዲፍ ታይገር ቤይ ሰፈር ወተት ቤት ይጀምራል። በወንጀል ልብ ወለድ ልማድ አንባቢን የሚይዘው ገዳዩ ማን እንደሆነ የማወቅ ጉጉት ነው። እዚህ ግን ፍጻሜው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ውጥረቱን የሚፈጥረው ንጹሕ ሰው እውነት ነፃ ታወጣኛለች ብሎ ማመኑ ነው። በማታን አእምሮ ውስጥ ኩራት፣ ቁጣና የሐርጌሳ ልጅነቱ ትዝታ ይፈራረቃሉ፤ ተስፋው ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ የሚያሳዩት ገጾች የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ናቸው። የሟቿ ቤተሰብ ሐዘንም የራሱ ምዕራፎች አሉት። ልብ ወለዱ በ2021 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።