ታሪካችን በየትኛው ግራፍ ይሳል?

ስግድ ሲቃረብ ልጆቻችን ስለ አሊያችን ፖስተር ይሠራሉ። ብዙዎቹ ሁለት ቁጥር ይዘው ይነሳሉ፦ ዘመቻ ሙሴ፣ ወደ 8,000 ሰው፤ ዘመቻ ሰለሞን፣ 14,325 ሰው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሚያቀርብላቸው ግራፎች ደስ ያላቸውን መርጠው ይለጥፋሉ። ግን እኮ የተሳሳተ ግራፍ ትክክለኛውን ቁጥር ይዞ ያልሆነ ታሪክ ሊያወራ ይችላል።

ጥያቄው ከግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በ1786 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ሣለ፤ የብዙ ዓመት ቁጥር ነበረውና። ለስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት ብቻ ስለነበረው መስመር የሚስብበት ነገር አጣ፤ በአገር በአገር ለይቶ ዓምድ አቆመ። ባር ግራፍ እንዲህ ተጀመረ። ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ዓሙዶት» የሚሉት ከእኛው «ዓምድ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ክቡን፣ «ዑጋ» የሚሉትን ግራፍ ደግሞ ያው ሰው በ1801 አመጣው።

አሁን ወደ ፖስተሩ እንመለስ። ዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ቆየ፤ ወሬው ሲወጣ ቆመ። ዘመቻ ሰለሞን በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ገደማ አለቀ። ሁለቱን በመስመር ካገናኘን፣ ሰው በየዓመቱ እየጨመረ የመጣ ይመስላል። እውነቱ ግን በመካከሉ ባሉት ብዙዎቹ ዓመታት በሩ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ቀርተው ነበር። በየዓመቱ አንድ ዓምድ ቢቆም፣ በሁለቱ ረጃጅም ዓምዶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይህንን ይናገራል።

ክቡ ግራፍ የሚሆነው አንድ ሙሉ ነገር ሲከፋፈል ነው። በ2017 መጨረሻ በእስራኤል 148,700 የኢትዮጵያ ተወላጆች ነበርን፤ 87,000 ኢትዮጵያ የተወለዱ፣ 61,700 እዚሁ የተወለዱ። ለዚህ ክብ ጥሩ ነው።

የፔታህ ቲክቫን ትምህርት ቤቶች በክብ ብንሥል ግን ነገሩ ይደበቃል። በ2009 ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ወደ 100 የሚሆኑ ልጆቻችንን የከተማችን አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ብለው አገር አነጋገረ። በ2011 ደግሞ ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ የእኛ ልጆች በነበሩበት ትምህርት ቤት ምክንያት ወላጆች መለያየቱ ይብቃ ብለው ተነሱ። የከተማውን ተማሪ ሁሉ አንድ ክብ ውስጥ ብናስገባ የእኛ ድርሻ ቀጭን ቁራሽ ነው፤ ማንም አይደነግጥም። ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ዓምድ ብናቆም ግን፣ አንዱ ጣሪያ ነክቶ ጎረቤቱ መሬት ላይ ሲቀር ሕፃን ልጅም ያየዋል። ወላጆቹ ያለ ግራፍ አይተውት ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት ሲገባ ግን ግራፍ ይረዳል።

ለሱዳን መንገድ ግን መስመርም፣ ዓምድም፣ ክብም አይበቃም። ሁሉም የሚቆጥሩት የደረሰውን ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ሚናር በ1869 የናፖሊዮንን የ1812 የሩሲያ ዘመቻ በካርታ ላይ ሲሥል፣ 422,000 ወታደር ሲነሳ ወፍራም የሆነው መስመር፣ 10,000 ሲመለስ ክር አክሎ ነበር። የመስመሩ ውፍረት የሰው ብዛት ነው፤ ሰው የት የት እንደቀረ በዓይን ይታያል። የእኛም መንገድ እንዲህ መሣል ያለበት ይመስለኛል። መስመሩ ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ይነሳ፤ በረሃውን ሲያቋርጥ ይቅጠን፤ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ደግሞ ይበልጥ ይሳሳ። በመንገድና በመጠለያ የቀሩት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። በሄርጽል ተራራ ያለው መታሰቢያቸው ነው። በፖስተሮቻችን ላይ ግን እስካሁን ዓምድ የላቸውም።