የፈረስ ስምና የክርስትና ስም
ስለ የካቲት 23 ቀን በዓልና ለወደቁ ወታደሮች ስለሚደርስ ጸሎት

የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ከመጠሪያቸው ሌላ ሁለት ስም ነበራቸው። አንዱ በጦር ሜዳ የሚፎክሩበት የፈረስ ስም ነው፤ ሁለተኛው በጥምቀት ጊዜ የተቀበሉት የክርስትና ስም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፥ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር። እግረኛው ወታደር ግን ፈረስም የፈረስ ስምም አልነበረውም። ስለዚህ የእርሱን ስም አዝማሪ አልዘፈነውም፥ ጸሓፊም አልጻፈውም። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበትን የክርስትና ስሙን የምታውቅለት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት።

የአድዋ ጦርነት የሆነው በ1888 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ የካቲት 23 ቀን እሑድ ነው። ዕለቱ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነበረ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከሠራዊቱ ጋር ዘምተው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም ገና ሳይነጋ በቅዳሴ ላይ ሳሉ የጠላት ጦር መገሥገሡ ተነገራቸው። በዚያው ቀን የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ድል ሆነ፤ ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፥ ጄኔራል አልቤርቶኔም ተማረከ። ከኢትዮጵያ ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ ስመ ጥር የጦር አለቆች ወደቁ፤ ከእነርሱም ጋር ብዙ ሺህ ወታደር ወደቀ። የአለቆቹ ስም እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የብዙ ሺሁ ስም ግን ከአፈሩ ጋር ቀረ።

አፄ ምኒልክ ስለ ድሉ መታሰቢያ በአዲስ አበባ ባለ ስምንት ማዕዘኑን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አሠሩ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ከየካቲት 12 ቀን እልቂት ጋር ፋሺስቶች እሳት ለቀቁበት፤ ከ1933 ዓመተ ምሕረት ነፃነት በኋላም ታደሰ። የካቲት 23 ቀን በዚያ ቦታ ሲዘከር በዓሉ ድርብ ነው፤ የሰማዕቱም ነው፥ የዘማቾቹም ነው።

አንዳንድ ሰው ግን፥ የሰላም ቤት የሆነች ቤተ ክርስቲያን የጦር ሰዎችን ስለ ምን ታከብራለች ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በሰማዕቱ ሕይወት ይገኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ የጦር ሰው ነበረ፤ ለጣዖት ስገድ ባለው ጊዜ ግን ለንጉሡ አልታዘዘም፥ ሹመቱንና ገንዘቡንም ንቆ ሞተ። እንግዲህ በእርሱ በዓል ወታደርን የምታስብ ቤተ ክርስቲያን ጦርን አታወድስም፤ ስለ ወገኑ ነፍሱን ለሰጠው ሰው ምሕረትን ትለምናለች እንጂ። ጸሎተ ፍትሐት ሲደርስ ፊታውራሪ ወይም ራስ ተብሎ የሚጠራ የለም፤ ሁሉም በክርስትና ስሙ ይጠራል። በዚያ ጊዜ ጌታና ሎሌ አንድ ይሆናሉ።

ይህ ነገር በአድዋ ብቻ አልቀረም። ከ1943 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ ስሙ አባ ቃኘው ከተባለው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም የመጣ ነው። ራስ መኰንንም በአድዋ ከተዋጉት መኳንንት አንዱ ነበሩ። በባዕድ ምድር የወደቁት የዚያ ሻለቃ ወታደሮች ዓፅም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። የፈረሱ ስም ባሕር ተሻገረ፤ የወታደሩ ዓፅም ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ።

ይህ ደብር ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት ዓመት የምእመናን ቤት ሁሉ ይህን ያስብ። ከአያት ከቅድመ አያት ዘምቶ ያልተመለሰ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የክርስትና ስሙን የሚያውቁ ሽማግሎችና አሮጊቶች ግን በየዓመቱ ያንሳሉ። እነርሱ ሳያልፉ ስሙ ለካህናቱ ይነገር፥ በደብሩ መዝገብም ይጻፍ። ሐውልት ለማቆም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ስምን ለመጻፍ ግን ቀለምና የሚያስታውስ ሰው ይበቃል። ስሙ የጠፋበትንም ቢሆን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እኛ ግን የምናውቀውን አንርሳ።

ለወደቁት ዕረፍተ ነፍስን፥ ለሀገራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሜን።